ሦስት ሰዓት

ደብረ ሲና ጉም ናት። ከሱቄ ደጃፍ ላይ
ባጃጅ አይታይም፣ ሰውም አይታይ፤
ድምፅ ብቻ መጣ፦ «ትርሲት፣ አለሽ ወይ?»

ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው፣ የእድራችን ጸሐፊ፤
በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው ላፕቶፑን፣
ታሞ እንዳደረ ልጅ ደግፈው አንገቱን።

«በፊት ሁለቱም ይመጡ ነበር፣ በየተራ፤
አሁን የኔው ቀረ፣ የልጁ ነው የሚያበራ።
ዐሥራ አንድ ዓመት የጻፍኩት መዝገብ፣
ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ማን ድንኳን ተከለ፣
የት እንደገባ እንጃ፤ ብፈልግ የለ!»

ከፈትኩት። ጥቁር መስኮት፣ ነጫጭ ፊደል፤
ከዚያ አንድሮይድ ብቅ አለ፣
ሁለት አንቴናውን እንደ ግልገል ቀንድ አቁሞ፣
በሰው ቤት ቀድሞ፣
ባለቤቱን «ማነህ?» ሊል።

«ናሁሰናይ ነዋ፣ የእህቴ ልጅ፣ ያ ጥፍራም!
ስልኩ ጠበበኝ ብሎ፣
ኮምፒውተሬ ሆድ ውስጥ ስልክ ቀበረ።»

«አልጠፋም ጋሼ» አልኩ፤ «ቤቱ ሁለት ሆኗል፣ ግቢው አንድ፤
ልጁ የቀጠረው ዘበኛ ግን
አንዱን ብቻ ያውቃል።»
«ዘበኛ?» አሉ። «እኔ ለማንም ደመወዝ አልከፍልም!»

ፍላሽ ሰካሁ። ኤፍ ዐሥራ ሁለትን
እንደ ቆርቆሮ በር ደበደብኩት።
አልከፈተም። ደገምኩ። አልከፈተም።
በሦስተኛው ሰማያዊው መስኮት ብቅ ሲል
መብራት ሄደ።
ባትሪው የሞተ ነው፤ ሁሉም ጠፋ ባንዴ፤
ጉሙ እስከ ጠረጴዛው ገባ።
ቆሎ አወጡ ከኪሳቸው፣
ግማሹን ለኔ፣ ግማሹን ለራሳቸው፤

«ማክሰኞ ለታ» አሉ፣
«የደብሪቱ ቀብር ለስድስት ሰዓት ነበር።
ጉም ነው፣ ፀሐይ የለ፤ ስልኬ ያንቺው መሳቢያ፣
መስታወቱን ትለውጪ ብዬ፣ ይኸው ሦስት ሳምንቱ።
ላፕቶፑን አየሁት፤ ሦስት ሰዓት ነው ይላል።
ገና ነው ብዬ ጫማዬን ቀባሁ።
ስደርስ አፈሩ ተመልሷል፤
ሰው ከቀብር ገብቶ ንፍሮ ይቆረጥማል።
ጸሐፊው ቀሪ! ያን ለታ ማታውን
በገዛ እጄ ጻፍኩት የራሴን ቅጣቱን፣
ሃምሳ ብር ብዬ። በነጋታው መዝገቡ የለም!
ደበቀው ቢሉኝስ? ማን ያምነኛል ከዓለም?»

ቆሎው ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።
መሳቢያዬን አላየሁትም፤ እሱ ግን አየኝ።

መብራት መጣ። በአራተኛው ገባሁ።
በሩ ላይ ሁለት ስም ጻፍኩ፣
የድሮውን ከላይ፤ ዕድሜ ነው መቼም።
ዊንዶውስ ተነሣ ዐይኑን እያሸ፤
ተኝቶ ነው ለካ፣ «ጠፋሁ» ብሎ አድፍጦ፣
የጎተራውን ቁልፍ ብብቱ ሸጉጦ፣
ጎረቤት እንዳይገባ።
ያን ፈጣን መነሣቱን ነቀልኩበት፤
«ስትጠፋ ጥፋ» አልኩት።

ሰዓቱ ግን፣
ሳንቲም በምታህል ባትሪ የምትሄድ አንዲት ሰዓት ናት፣
ሁለቱም የሚያነቧት።
አንዱ የሩቅ አገር ናት ይላል፣ አንዱ የዚሁ፤
አንዱ ሲያርማት ለሌላው ትበላሻለች።
የጣርማ በር ዋሻ ነው፦
እላይ ጋቢ ያስደርባል፣ እታች ሹራብ ያስወልቃል፤
ተራራው አንድ ነው፣ ብርዱ ነው የተካፈለ።
ለዊንዶውስ ነገርኩት፦
«ከግሪንዊች ተነሥ፣ ሦስት ጨምር፣
ከጎረቤትህ ጋር ባንድ ቋንቋ ቁጠር።»

መዝገቡ ተከፈተ። በቀይ፦
«ወንድይፍራው ኃይለ ጊዮርጊስ፣ ቀሪ፣ ሃምሳ።»
በጣታቸው ዳሰሱት፣ የታመመ ግንባር ይመስል።
«ይኸው! አልደበቅኩም!»

«የልጁን ላጥፋልዎት?»
«ተይው፤ ቅዳሜ ይመጣል።
ግቢው አንድ ነው አላልሽም?»

ዋጋዬ ሃምሳ ብር ነው፤ አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።
መሳቢያውን ስቤ
ስልካቸውን ሰጠኋቸው፣ ከነስንጥቁ።

ከረጢቱን ታቅፈው ወጡ። ባጃጅ አይታይ፣ ሰው አይታይ።
ድምፅ ብቻ መጣ፦
«ትርሲት፣ ለመሆኑ አሁን ስንት ሰዓት ነው?»